ገንዘባችን ባንክ ይቀመጥ ወይስ ቁጠባና ብድር ማኅበር?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው)

በዛሬው የቤተሰብ ጊዜያችን የምናነሳው ጉዳይ ከአንዲት እህታችን የደረሰን ጥያቄ ነው። እህታችን የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ስትሆን ላለፉት ሦስት ዓመታት በየወሩ ከደመወዟ 600 ብር እየተቆረጠ ለሠራተኞቹ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ገቢ ሲደረግላት ቆይቷል። ዛሬ 21,600 ብር ደርሶላታል። ባለቤቷ ደግሞ በበኩሉ ያለችውን ጥቂት ገንዘብ ከወለድ ነጻ በሆነ የባንክ ሂሳብ ያስቀምጣል። «ባለቤቴ ወለድ አለበትና ማኅበሩን ትተሽ ውጪ ይለኛል። የሥራ ባልደረቦቼ ግን ባንክ የሀብታም ነው፣ ማኅበሩ የራሳችን ነው፣ ወለዱም ዞሮ ዞሮ የሚገባው ወደ እኛው ኪስ ነው፣ ከራስ ወደ ራስ ደግሞ ምን ወለድ አለ? ይሉኛል። ማንን ልስማ?» ስትል ትጠይቃለች።

ጥያቄው የእሷ ብቻ አለመሆኑን እናውቃለን። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየፋብሪካው ደመወዙ ገና እጁ ሳይገባ ለማኅበር የሚቆረጥበት፣ ልቡ ግን ያላረፈ ስንት ሙስሊም አለ! በመሆኑም በቅድሚያ ሁለቱ ተቋማት በምን እንደሚለያዩ እንመልከትና ወደ ሸሪዓው ጥያቄ እንመለሳለን። የነገሩን አሠራር ሳያውቁ ሐላል ነው፣ ሐራም ነው ማለት አይቻልምና።

ባንክ የባለአክሲዮኖቹ ወይም የመንግሥት ንብረት ነው። ገንዘባችንን የምናስቀምጥ ሰዎች ደንበኞች እንጂ ባለቤቶች አይደለንም። ባለአክሲዮኖቹ ሲሰበሰቡ ድምፅ የሚቆጠረው በአክሲዮን ብዛት ነው፤ አስቀማጩ ደግሞ ከነጭራሹ አይጠራም። ባንኩ ቢያተርፍ ትርፉ የእኛ አይደለም፣ ቢከስርም ኪሳራው በመጀመሪያ የሚያርፈው በባለአክሲዮኖቹ ላይ ነው።

ቁጠባና ብድር ማኅበር፣ በውጭ አገር ክሬዲት ዩኒየን የሚሉት ማለት ነው፣ ከዚህ ይለያል። እዚህ ቆጣቢው፣ ተበዳሪውና ባለቤቱ አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው አባል ሲሆን መመዝገቢያ ይከፍላል፣ ዕጣ ይገዛል፣ በየወሩም መደበኛ ቁጠባ ይቆጥባል። በጠቅላላ ጉባኤ 2,000 ብር ያለውም 200,000 ብር ያለውም እኩል አንድ ድምፅ አላቸው። የሥራ አመራር ኮሚቴውን፣ የብድር ኮሚቴውንና ተቆጣጣሪ ኮሚቴውን የሚመርጡት አባላቱ ራሳቸው ናቸው። በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ ከተገኘ ለመጠባበቂያ የሚቀነሰው ተቀንሶ የቀረው ለአባላት ይከፋፈላል።

ይህ ዓይነቱ ማኅበር ከየት መጣ? ሥሩ በጀርመን አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 እና በ1847 በደረሰው ረሀብ ገበሬው በአራጣ አበዳሪ እጅ ወድቆ ሳለ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን የተባለ የገጠር ሹም የድሆቹን መከራ አይቶ መላ መፈለግ ጀመረ። ከብዙ ሙከራ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1864 ሄደስዶርፍ በተባለ ስፍራ ገበሬዎች ያላቸውን አዋጥተው እርስ በርስ የሚበዳደሩበትን ማኅበር አቋቋመ። ልብ በሉ፣ መነሻው ከአራጣ ማምለጥ ነበር። ሆኖም ወለዱን ቀነሱት እንጂ አላስቀሩትም። ወደ አገራችን ስንመጣ የመጀመሪያው እንደሆነ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1964 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ያቋቋሙት ማኅበር ነው።

ማኅበሩ የሚሻልበት

በእውነት እንናገር ካልን ለደመወዝተኛ ማኅበሩ ብዙ ነገር ያደርጋል። ባንክ ሄዶ ብድር የጠየቀ ሠራተኛ በመጀመሪያ የሚጠየቀው የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ነው። በቀበሌ ቤት ወይም በኪራይ የሚኖር ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ማኅበሩ ግን ካርታ አይጠይቅም። የቆጠቡትን መጠን አይቶ የዚያን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያበድራል፤ መያዣው ራሱ ቁጠባው፣ ደመወዙና ዋስ የሚሆኑ አባላት ናቸው። እህታችን በ21,600 ብሯ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም እስከ 64,800 ብር መጠየቅ ትችላለች ማለት ነው። የብድር ኮሚቴው አባላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። እናቷ መታመማቸውን፣ ልጇ ትምህርት ቤት መግባቷን ያውቃሉ።

ሁለተኛው ቁም ነገር ቁጠባው ሳይታወቅ መከማቸቱ ነው። ደመወዝ እጅ ከገባ በኋላ እቆጥባለሁ የሚል ሰው ስንቱን ወር እንደሚያሳልፍ ሁላችንም ከራሳችን እናውቀዋለን። በተለይ አረፋ ሲቃረብ! ከደመወዝ መዝገብ ላይ ቀድሞ የተቆረጠ ገንዘብ ግን ለበግም ለልብስም አይጋለጥም።

ወጪውም አነስተኛ ነው። ኮሚቴዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ያገለግላሉ፤ ቢሮውን መሥሪያ ቤቱ ይሰጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ገንዘቡ ከባለቤቶቹ አይርቅም። ባንክ ያስቀመጥናት ትንሽ ገንዘብ ከሌሎች ሺህ ትንንሾች ጋር ተደምራ ለማናውቀው ትልቅ ነጋዴ ትሰጣለች። በማኅበሩ ያስቀመጥናት ግን የጎረቤት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን የሥራ ባልደረባችንን ጣሪያ ታለብሳለች።

የሚከፋበትስ?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር። ማኅበሩ የራሳችን ነው የሚለው ቃል ብዙዎችን ከመጠየቅ ያዘናጋልና።

አንደኛ ነገር መደበኛ ቁጠባ በፈለጉ ጊዜ የሚወጣ ገንዘብ አይደለም። በአብዛኛው ማኅበር የሚመለሰው አባልነት ሲቋረጥ ነው፤ ያውም ያልተከፈለ ብድር ወይም ያላለቀ ዋስትና ከሌለ። ሌሊት ሰው ቢታመም ከባንክ በካርድ ወይም በስልክ ማውጣት ይቻላል፣ ከማኅበር ግን ማመልከቻ፣ ስብሰባና ወረፋ አለ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሁሉም በአንድ ጊዜ ብድር ይጠይቃል፤ ካዝናው ደግሞ የአባላቱን ያህል ነው። ባንክ ሲቸግረው የሚበደርበት ሰፊ በር አለው፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ማኅበር ግን ይህ የለውም።

ሁለተኛው ሁሉም አባል እንጀራው ከአንድ መሶብ መሆኑ ነው። ድርጅቱ ሠራተኛ ቢቀንስ ወይም ቢዘጋ፣ በአንድ ወር ውስጥ ተበዳሪው መክፈል ያቅተዋል፣ ቆጣቢውም ገንዘቤን መልሱልኝ ይላል። የባንክ ተበዳሪዎች በየከተማውና በየሥራ ዘርፉ የተበታተኑ በመሆናቸው አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቆማል።

ሦስተኛው ዋስትና ነው። ከዝግጅት ክፍላችን ባልደረቦች አንዱ ቀድሞ በሚሠራበት ቦታ ለአንድ ጓደኛው 40,000 ብር ብድር ዋስ ሆኖ ፈርሞ ነበር። ጓደኛውም 12,000 ብር ያህል ከከፈለ በኋላ ሥራውን ትቶ ዐረብ አገር ገባ። የቀረው 28,000 ብር ለሁለቱ ዋሶች እኩል ተከፍሎ ከደመወዛቸው ይቆረጥ ጀመር። ኮሚቴው ምንም አላጠፋም፤ ውሉ ላይ የተጻፈ ነገር ነው። ባልደረባችን ውሉን አላነበበውም ነበር። ሰውየው ከሁለት ዓመት በኋላ ገንዘቡን ልኮ ከፈላቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ሁሉም ግን አይልክም።

አራተኛው የጥበቃ ጉዳይ ነው። በ2013 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ሲቋቋም አንድ ተቋም ቢወድቅ ለእያንዳንዱ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ድረስ እንዲከፈል ታስቦ ነበር። ፈንዱ የተቋቋመው ግን ባንኮችንና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማትን እንዲያቅፍ ነው፤ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት አልተካተቱበትም። የማኅበር አባል ዋነኛ ጠባቂው እንግዲህ የኦዲት ሪፖርቱና የተቆጣጣሪ ኮሚቴው ንቃት ነው። ሒሳቡ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ሳይመረመር የቆየ ማኅበር ካጋጠማችሁ ቁጠባችሁን ከመጨመራችሁ በፊት ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በስልክ «ክሬዲት ዩኒየን ከባንክ ይሻላል» የሚሉንም በዚህ ረገድ ነገሩ ስለሚለያይ ነው። በዚያ አገር በመንግሥት መድን የታቀፈ ክሬዲት ዩኒየን ልክ እንደ ባንኩ ለአንድ አባል እስከ 250,000 ዶላር ዋስትና አለው፤ ትርፍ ለማካበት የተቋቋመ ስላልሆነም ብዙ ጊዜ የብድር ወለዱ ዝቅ ያለ ነው። ምክራቸው ለእነሱ አገር ትክክል ነው። እኛ ዘንድ ግን መድኑን ሳያመጡ ምክሩን ብቻ ማምጣት አይሆንም። የወለዱ ጥያቄ ደግሞ እዚያም እዚህም ያው ነው።

ከራስ ወደ ራስ ነውን?

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ ልብ እንግባ። የወለድ ክልከላ በሱረቱል በቀራ በግልጽ የተደነገገ ሲሆን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወለድ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚከፍለውን፣ የሚጽፈውንና የሚመሰክረውን ጭምር ማውገዛቸውን ጃቢር (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። የዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1985 ጂዳ ላይ ባደረገው ስብሰባ በብድር ላይ የሚጠየቅ ጭማሪ ሁሉ የተከለከለው ሪባ መሆኑን ወስኗል።

ባልደረቦቿ የሚያነሱት መከራከሪያ ሲሰሙት ያሳምናል። ነገር ግን በሁለት ሰዎች ላይ እንፈትነው። ሁለት ሴቶች እያንዳንዳቸው 20,000 ብር ቆጥበዋል እንበል። አንደኛዋ እናቷ ታመው 60,000 ብር ትበደራለች። ወለዱ በዓመት 14 ከመቶ ቢሆንና ዓመቱን ሙሉ ይዛ ብትመልስ 8,400 ብር ጨምራ ትከፍላለች። ሁለተኛዋ ምንም ችግር ስላልገጠማት አልተበደረችም። በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ ሲከፋፈል ቁጠባቸው እኩል ነውና ሁለቱም እኩል ይደርሳቸዋል። ታዲያ ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጥቶ ወደ ማን ኪስ ገባ? ከተቸገረችው ወጥቶ ወዳልተቸገረችው ነው የገባው። ለከፋይዋም ጥቂቱ ቢመለስላት ይህ ነገሩን አይለውጠውም። የራሳችን ነው የሚለው ቃል የሸፈነው ይህንን ነው።

እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ማኅበሩ ከመደበኛው ባንክ ይልቅ እጅ ይይዛል። የባንክ ደንበኛ ወለድ አልፈልግም ብሎ ከወለድ ነጻ በሆነ ሂሳብ ገንዘቡን አስቀምጦ መኖር ይችላል፤ ባንኩ ለሌላ ሰው የሚያደርገው የባለአክሲዮኖቹ ጉዳይ ነው። የማኅበር አባል ግን ባለቤት ነው። ባይበደርም የእሱ ቁጠባ በእሱ ስም በወለድ ይበደራል፣ ትርፉም የእሱ ተብሎ ይመዘገባል። ብድር ስላልወሰድኩ አይመለከተኝም ማለት አይችልም።

ይኸው ባለቤትነት ግን ሌላ በርም ይከፍታል። የአንድን ትልቅ ባንክ አሠራር የ600 ብር ቆጣቢ አይለውጠውም። በማኅበሩ ግን ድምፅ አላት፤ መተዳደሪያ ደንቡም በጠቅላላ ጉባኤ የሚሻሻል ነው። ከወለድ ነጻ ሆነው የተቋቋሙ ማኅበራት በአገራችን አሉ፤ መደበኛ ማኅበር ሆነውም ለፈለጉ አባላት ለብቻ በተያዘ ሒሳብ ከወለድ ነጻ አገልግሎት መስጠት ይቻላል።

አሠራሩ እንዴት ነው ለሚለው ቀላሉ መንገድ ቀርድ ሐሰን ነው። የተበደሩትን ያህል ብቻ መመለስ። «ታዲያ ማኅበሩ ወረቀቱንና ጸሐፊውን በምን ይከፍላል?» ለሚለው ከላይ የጠቀስነው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 ዐማን ላይ በሰጠው ውሳኔ ለብድሩ በእርግጥ የወጣውን ወጪ ብቻ ማስከፈል እንደሚቻል፣ ከዚያ በላይ ያለው ግን ሪባ እንደሆነ አስረድቷል። መለያው ከባድ አይደለም። 10,000 ብር የተበደረውም 60,000 ብር የተበደረውም የሚሞሉት ቅጽ አንድ ነው፣ የጸሐፊውም ድካም አንድ ነው። የአገልግሎት ክፍያ የተባለው ነገር ከብድሩ መጠንና ከጊዜው ርዝመት ጋር አብሮ የሚያድግ ከሆነ ስሙ ተቀየረ እንጂ ወለድ ነው።

ሁለተኛው ሙራበሓ ነው። አባሉ ማቀዝቀዣ፣ ቆርቆሮ ወይም የልብስ ስፌት ማሽን ይፈልጋል። ማኅበሩ ዕቃውን ከነጋዴው በራሱ ስም ገዝቶ ከተረከበ በኋላ ዋጋውንና ትርፉን በግልጽ ተናግሮ ለአባሉ በየወሩ በሚከፈል ይሸጥለታል። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት በተደጋጋሚ ይሰማል። ኮሚቴው ገንዘቡን ለአባሉ ይሰጥና «ሄደህ ግዛ፣ ደረሰኝ አምጣ» ይለዋል፣ ከዚያ ትርፍ ጨምሮ ያስከፍላል። ይህ ሽያጭ አይደለም፤ ማኅበሩ ያልያዘውን ዕቃ አልሸጠም፣ ገንዘብ በገንዘብ አበድሯል። መክፈል ለዘገየ ሰውም ቅጣት ተጥሎ ለማኅበሩ ገቢ መሆን የለበትም። ማኅበሩ ዕቃ ገዝቶ መሸጥ ሲጀምር የግብርና የፈቃድ ጥያቄ ሊነሳ ስለሚችል የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቱን አስቀድሞ ማማከር ይበጃል።

ይህ ሕልም ነው የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በግብፅ ናይል ዴልታ ሚት ጘምር በምትባል ከተማ የሆነውን ይመልከት። ዶክተር አሕመድ አን-ነጃር በጀርመን ተምረው፣ የዚያን አገር የቁጠባ ባንኮች አይተው ሲመለሱ ለገበሬውና ለሠራተኛው ያለ ወለድ የሚሠራ የቁጠባ ባንክ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1967 ቢቋረጥም ኋላ ለመጡት ኢስላማዊ ባንኮች መነሻ እየተባለ ይጠቀሳል። የኛም አገር ባንኮች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከወለድ ነጻ መስኮት ከፈቱ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ፣ ሂጅራ ባንክና ሌሎችም ተከተሉ። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ይሁንና እንደምናየው የባንኮቹ ገንዘብ በብዛት የሚሄደው ለንግድና ለትልልቅ ሥራ ነው፤ 30,000 ብር የቸገራት ደመወዝተኛ ከወለድ ነጻ የሆነውም ባንክ ዘንድ ስትሄድ በቀላሉ አይሳካላትም። ክፍተቱን የሚሞላው ገንዘቡ ሐላል የሆነ ትንሽ ማኅበር ነው ብለን የምናምነውም ለዚህ ነው።

ለእህታችን የምንላት ይህን ነው። ዛሬውኑ የመውጫ ማመልከቻ አትጻፊ። በመጀመሪያ የመተዳደሪያ ደንቡንና የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርት ጠይቀሽ አንብቢ፤ አባል ነሽና መብትሽ ነው። ለማን ዋስ እንደሆንሽ አጣሪ፣ ዋስትናው ሳያልቅ ቁጠባሽ አይለቀቅልሽም። ከዚያም ከወለድ ነጻ አሠራር የሚፈልጉ ባልደረቦችሽን አስፈርመሽ ጥያቄውን ለጉባኤው አጀንዳ አስይዢ። ሙስሊም ያልሆኑትንም አትተያቸው፤ 8,400 ብር ወለድ መክፈል ማንንም ደስ አያሰኝም። ጉባኤው እምቢ ካለ ባለቤትሽ እውነት አለው፣ ትወጫለሽ። የቆጠብሽው 21,600 ብር ያንቺ ነው። በትርፍ ክፍፍል ስም የመጣውን ግን ብዙ የዘመናችን ዑለማኦች ምንዳ ሳይጠበቅበት ለችግረኛ እንዲሰጥ ይመክራሉ፤ ዝርዝሩን በአቅራቢያሽ ያሉትን ዓሊም ጠይቂ። በየወሩ የሚቆረጠውን 600 ብር ደግሞ በዚያው ደመወዝ ቀን ከወለድ ነጻ ወደሆነው የባንክ ሂሳብ እንዲተላለፍ ባንኩን በጽሑፍ ማዘዝ ይቻላል። ቀድሞ መቆረጡ የሚሰጠው ጥቅም እንዳይቀርብሽ።

የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ በሚቀጥለው ወር እንደሚጠራ በደብዳቤዋ ገልጻልናለች። ውጤቱን ከላከችልን በዚሁ ሰዓት እናነበዋለን። በሚቀጥለው ሳምንት ኢንሻአላህ ስለ ዕቁብ እንነጋገራለን፤ ከአባላቱ አንዱ ዕጣው ደርሶት ከበላ በኋላ ቢጠፋ ዳኛው ይከፍላል ወይስ አይከፍልም የሚል ጥያቄ ከሁለት አድማጮች ደርሶናል።